ከጠረጴዛው እግር ሥር የገባው መመሪያ

ሰኞ፣ 4

ዝናቡ ዛሬ ጀመረ። ከዝናቡ ጋር ሌላም ዶፍ ወረደብን። የውሃ ድርጅታችን ኃላፊ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ «የጎልማሳ ሠራተኞች ሥልጠና መመሪያ»። ለእያንዳንዳችንም ባለ አርባ ገጽ መጽሐፍ ታደለን። ሠልጥኖ፣ በጽሑፍ ተፈትኖ ያላለፈ ሰው ፓምፕ አይነካም፤ ክሎሪን ያለበት ክፍል ድርሽ አይልም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፓምፕ ቤት ቆይቻለሁ። ጡረታ ወጥቼ «ያለ እርስዎ አይሆንም» ተብዬ በየዓመቱ በሚታደስ ውል የተመለስኩ ሰው ነኝ። አሁን በስድሳ ስምንት ዓመቴ ልሠለጥን ነው! ጥርሶቼ እንኳ ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጥተዋል።

መዝገብ የምጽፍበት ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ስትደገፈው ይወዛወዛል። መጽሐፉን አጥፌ ከሥሩ ሸጎጥኩት። ልክክ አለ።

«አየህ ሬዲዮ፣ አንድ ነገር ቀጥ አድርጎ የያዘ የመጀመሪያው መመሪያ!» አልኩት።

ሬዲዮ የፈረቃ ጓደኛዬ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ በቀን ከአሥር ቃል በላይ ከአፉ ስለማይወጣ። አልሳቀም። የራሱን መጽሐፍ ዘረጋልኝና «የእኔንስ ጋሼ?» አለ።

«ያንተን ለሚስትህ ስጣት፤ የጋለ ድስት ታሳርፍበት።»

አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሐሙስ፣ 7

ሃያ ደቂቃ አረፈድኩ። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀርብኝ ነበር። መዝገቡ ግን «በሰዓቱ ገባ» ይላል። እስክሪብቶው በማን እጅ ሆነና!

አሠራራችን እንዲህ ነው። በየሰዓቱ ሬዲዮ ሦስቱን ፓምፖች ዞሮ ያያል። የግፊት መለኪያው መርፌ የት እንደቆመ፣ ሞተሩ እንዴት እንደዋለ መጥቶ ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። በእኔ ተራም እኔ፣ በእሱ ተራም እኔ። ከታች ይፈርማል፤ ፊርማውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የተጠቀለለ ሽቦ ይመስላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖርን። ለምን እንደሆነ ከሁለታችንና ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ቁጥር ያውቃል፤ ፊደል አያውቅም።

ታዲያ ምን ጎደለው? መዳፉን ሞተሩ ላይ ጣል ያደርግና ኩሽኔታው በስንት ቀን እንደሚያልቅ ይነግርሃል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞክሬ ከመዳፌ ያገኘሁት ቃጠሎ ብቻ ነው። ለእሱ ብዬ ነው የምጽፍለት። ይህ ይታወቅልኝ።

ሰኞ፣ 11

የሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን። አሠልጣኟ ታላቋ የልጅ ልጄ ብትሆን አይገርመኝም። የስብሰባ አዳራሹን መጋረጃ ዘጋግታ ግድግዳው ላይ መብራት ተኮሰች። እኔም ወዲያውኑ «ወይዘሪት ፕሮጀክተር» ብዬ ሰየምኳት።

ግድግዳው ላይ «ጎልማሳ እንዴት ይማራል?» የሚል መጣ። ወደ ኋላው ረድፍ ዞር ብዬ «ጎልማሳ እንዴት ይተኛል ብትለን አሁኑኑ እናሳያት ነበር» አልኩ። ቧንቧ ሠሪው ሳቁን ሊውጥ ሲል አነቀው። አንቀጽ አሥራ አንድ ነው አሥራ ሁለት፣ የሆነ ነገር እያነበበች ነበር፤ ቆም አለችና፦

«አባት፣ ይቺን ያዳምጡ፤ ትጠቅማለች።»

«ልጄ፣ እኔን የሚጠቅመኝ መነጽር ነው።»

የኋላው ረድፍ በሳቅ ሞተ። እሷ ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች። ምን እንዳለች አላውቅም፤ ሳቁ ሸፈነው።

ሬዲዮ ብቻ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ቀረ። እዚያ የተጻፈውን የሚያነብ ይመስል።

ረቡዕ፣ 13

ውሃው ደፈረሰ። ፓምፕ ሦስት ያቃስታል። ሥራ በዝቷል። እነሱ «ሥልጠና» ይላሉ!

ሰኞ፣ 18

ዛሬ የሆነውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ወይዘሪት ፕሮጀክተር ወረቀት አደለችን። «ከዚህ ሥልጠና የሚያስፈራችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ስማችሁንም አስፍሩ» አለች። ሬዲዮ እንደ ልማዳችን ወረቀቱን ከጠረጴዛው በታች ወደ እኔ ገፋ አደረገው። እንደ ልማዳችን ጻፍኩለት። ግን እጄ አላርፍ አለ፤ ተንኮል እጅ ላይ ሲመጣ አላስችልም ይላል። «እኔን የሚያስፈራኝ አሠልጣኟ ናት፤ ቁርጥ አማቴን ትመስላለች» ብዬ ጻፍኩና ስሙን አሰፈርኩ። እሱም የሽቦ ፊርማውን ጠቀለለበት። ምን እንደፈረመ አልነገርኩትም። ወረቀቶቹ ተሰብስበው ይወሰዳሉ፣ ቤቷ ሄዳ ስታነብ ትቃጠላለች ብዬ ነበር እኮ!

አንድ በአንድ አየቻቸው። የእሱ ላይ ስትደርስ ጆሮዋ ቀላ።

«ይሄን የጻፉት ይነሱና ለሁላችንም ያንብቡልን» ብላ ወረቀቱን ሄዳ እጁ ላይ አስቀመጠችው።

ተነሳ። ወረቀቱን ያዘው። ዝም አለ። በዝምታው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሬዲዮ ቀልድ የጀመረ መሰላቸው። ቧንቧ ሠሪው «ኧረ ሬዲዮ፣ ድምፅ ጨምር!» አለ። ይቺ ቀልድ የእኔ ናት፤ ሰርቆኝ ነው። ሌላው ቀጠለ፦ «ባትሪ አልቆበት ነው!» እኔን አየኝ። አንዴ ብቻ።

ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። አሠልጣኟ ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለችና ለስለስ ባለ ድምፅ «ይቀመጡ» አለችው። ያ ለስላሳ ድምፅ ከስድብ ይብሳል። ያኔ ሁሉም ገባው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» ማለት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም ነበር። ወገቤን እያመመኝ ስለነበር አልተነሳሁም።

ማክሰኞ፣ 19

ሬዲዮ ዛሬ አራት ቃል ተናገረ፦ «አራት፣ አራት፣ ሦስት ተኩል»። የመርፌዎቹ ቁጥር ነው።

«አኩርፈሃል እንዴ? ቀልድ እኮ ነው!» አልኩት።

ስፓናውን አንስቶ ወጣ። ለነገሩ የሳቁት እነሱ ናቸው። እኔ ጭራሽ አልሳቅኩም።

ሐሙስ፣ 21

ኃላፊው ፓምፕ ቤት ድረስ መጣ። ንጹሕ ጫማውን ከኩሬ ኩሬ እያዘለለ ገባና መዝገቡን ገለጠ። ወደ ኋላ ገለጠ። ሌላ ዓመት አስመጣ፤ ሌላም ዓመት።

«ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ ነው።»

«ጥሩ እጅ ጽሑፍ አለኝ» አልኩ።

«እኔ የምቀልድ ይመስልዎታል? የክሎሪን በርሜል ላይ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ የማይችል ሰው የሕዝብ ውሃ ላይ ቆሟል! እርስዎ ደግሞ ሸፍነውታል!»

ከዛሬ ጀምሮ ሬዲዮ ማሽን አይነካም። ግቢውን ይጠርጋል፣ ቦይ ይጠርጋል። በሚመጣው ወር በ23 የጽሑፍ ፈተና አለ፤ ከወደቀ ይሰናበታል። በአንድ ወር ፊደል ለይቶ አርባ ጥያቄ በጽሑፍ ይመልስ!

ሬዲዮ አካፋ ተቀብሎ ወደ ዝናቡ ወጣ። ለኃላፊው ደህና አድርጌ ነገር ባወራርድለት ደስ ባለኝ፤ ምላሴ ግን የት እንደገባች እንጃ።

ደሜ ፈልቷል። ሥልጠና ሰው ማባረሪያ ዘዴ ነው ስል ማን ሰማኝ?

ቅዳሜ፣ 23

የሬዲዮ ሚስት ቤት ድረስ መጣች። «ግቢ እንጂ» ብትላት ልጄ፣ አልገባም አለች። ጥላዋን እንደዘረጋች በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ጠብ ፍለጋ አልመጣሁም። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደ ጊዜ ፊደል አስተምረኝ ብሎ ለምኖዎት ነበር። ያስታውሳሉ?»

«ከቆየ ብዙ ነው...»

«ደብተር ገዝቶ ነበር የመጣው። እርስዎ ምን አሉት?»

የበሩን መቀርቀሪያ መነካካት ጀመርኩ።

«‹አንተ ከጻፍክ እኔ ምን ልሠራ ነው?› ብለው ሳቁበት። ደብተሩን መልሶ አመጣው። እስከ ዛሬ አለ፤ አንድ መስመር አልተጻፈበትም።»

«ቀልድ ነበር የእኔ ልጅ።»

«አዎ፤ ሁሌም ቀልድ ነው። አሁንስ የመመሪያውን መጽሐፍ ማን ያንብብልን? ድስት አሳርፉበት ተባልን፣ አሳረፍንበት። የሚያነቡልን እርስዎ ነበሩ።»

ሄደች። ልጄ ከጀርባዬ ሁሉንም ሰምታለች። «አባዬ...» አለችና ተወችው። እንደዚህ ተጀምሮ የሚተው «አባዬ» ከመሰደብ ይከፋል። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ደግሞ «አያቴ፣ ደብተሩ ባለ መስመር ነው ባለ ካሬ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላስታውስም አልኳት።

ባለ መስመር ነበር። ሽፋኑ ሰማያዊ።

ሰኞ፣ 25

ሦስቱን ፓምፕ ብቻዬን እዞራለሁ። ጉልበቴ ይጮኻል፤ ፓምፕ ሦስት ይጮኻል፤ የትኛችን የበለጠ እንደምንጮህ አላውቅም። መዳፌን ሞተሩ ላይ ጣል አደረግኩ። ሞቀኝ። ሌላ ምንም አልነገረኝም።

በመስኮት አየሁት። ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ግን ወደ ፓምፕ ቤቱ ነው። አካፋውን ይዞ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ከዚያ ድረስ እያዳመጠ።

አዲስ ወር። እሑድ፣ 1

ቤት ዋልኩ። ዝናብ። ማንንም አልፈልግም።

ረቡዕ፣ 4

ዛሬ ምንም የለም። ጠረጴዛው ላይ ሻይ ደፋሁ። ጠረጴዛው ግን አይወዛወዝም፤ ቢያንስ እሱን አስተካክያለሁ። ሥልጠና አልሄድኩም፤ ጉልበቴን ነው ብያለሁ።

ዓርብ፣ 6

ጎርፍ ፓምፕ ቤት ገባ። ቁርጭምጭሚት ደረሰ። መዝገቡን ላተርፍ ጠረጴዛውን ስጎትት መመሪያው ከእግሩ ሥር ወጥቶ ተንሳፈፈ። ይሙት ብዬ ነበር። ግን ገጹ ተገልጦ ነው የተንሳፈፈው፤ የአንቀጹ ቁጥር ታየኝ፤ አሥራ አንድ። መነጽሬን አደረግኩ።

እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦

«አንቀጽ 11። ማንበብና መጻፍ ያልተማረ ነባር ሠራተኛ በሥራ ሰዓት በቀን ሁለት ሰዓት ይማራል። ተምሮ እስኪጨርስ ድረስ ፈተናው በማሽኑ አጠገብ፣ በቃልና በተግባር ይሆናል፤ ከሥራውም አይነሣም። ይህም የሚሆነው ሠራተኛው ራሱ ወይም የሥራ ጓደኛው መመሪያው በተለጠፈ በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሲያመለክት ነው።»

የሥራ ጓደኛው። በጽሑፍ።

ጣቴን እየዘረጋሁ ቆጠርኩ። በ4 ተለጠፈ። ሠላሳኛው ቀን ከትናንት ወዲያ ነበር። ሻይ የደፋሁ ቀን።

ውሃው ውስጥ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ካልሲዬ እስካሁን አልደረቀም።

ሰኞ፣ 9

መጽሐፉን በፌስታል ይዤ አዳራሹ ድረስ ሄድኩ። ወይዘሪት ፕሮጀክተር ገመዷን እየጠቀለለች ነበር።

«ልጄ፣ ይሄን አንቀጽ ለምን አልነገርሽንም? ሰው እኮ እንጀራው ሊቋረጥ ነው!»

ገመዱን መጠቅለሏን አላቆመችም።

«ነግሬያለሁ አባት። በመጀመሪያው ቀን። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንደኛውን ጊዜ ስለ እንቅልፍ ይቀልዱ ነበር። ሁለተኛውን ጊዜ ስለ መነጽር።»

መጽሐፉን መልሼ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት።

«እሱ ግን ያዳምጥ ነበር» አለች። «ከሥልጠናው በኋላ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ‹ማመልከቻውን ጓደኛ ይጽፈዋል› አለኝ። ጠበቅኩ። የጻፉለት ግን ያንን የአማት ነገር ነው።»

እንግዲህ ሰምቶ ነበር። ያውቅ ነበር። ያን ሰኞ፣ ወረቀቱን ከጠረጴዛ በታች ሲገፋልኝ ምን ተስፋ አድርጎ እንደሆነ... አልጽፈውም።

«አንቺስ አውቀሽ ነው አስነስተሽ ያዋረድሽው?»

«አላውቅም ነበር። ያን ቀን በሩ ላይ ሲቆም ስለ ሌላ ሰው ሊጠይቅ የመጣ መስሎኝ ነበር። ተናድጄም ነበር። ያ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለኃላፊውም በጽሑፍ አሳውቄያለሁ። እርስዎስ?»

እንዲህ ዓይነት ሴት ልጅ የወለደ ሰው ቤት ስቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ ኃላፊው ዘንድ። ቀኑ አልፏል አለ። ለመንኩት። ከወረቀቱ ቀና ሳይል «መዘግየቱ የሠራተኛው ጥፋት እንዳልሆነ፣ የማን ጥፋት እንደሆነም በጽሑፍ ያቅርቡ። ሁሉንም። ከዚያ አያለሁ። የእርስዎ ውልም በዚህ ወር መጨረሻ ነው የሚታደሰው፤ እሱንም እያሰቡ ይጻፉ» አለኝ።

አሰብኩት።

ማክሰኞ፣ 10

ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። የመጀመሪያው ላይ ቀልድ ነበረበት። ሁለተኛው ላይም። ሦስተኛው «በዕድሜዬ ምክንያት» ብሎ ይጀምራል፤ ከቀልዱ ያሳፍራል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሌላ ሰው ስጽፍ እጄ አልተያዘም። ስለ ራሴ አራት መስመር ግን ሌሊቱን ፈጀብኝ።

ረቡዕ፣ 11

ሰጠሁ። መዝገቡ አለበት፤ የጠረጴዛው እግር አለበት፤ የአማቲቱ ወረቀት አለበት። የሰማያዊው ደብተር ጉዳይ ማንም አልጠየቀኝም፤ እሱም አለበት። ቀልድ የለበትም። ልጄ አንብባው «አባዬ፣ ማን ሞተ?» አለችኝ።

ሰኞ፣ 16

መልስ መጣ። ለሬዲዮ ተፈቀደለት፤ በማሽኑ አጠገብ ይፈተናል፤ ከዛሬ ጀምሮም በቀን ሁለት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ይማራል። ለእኔም መልስ አለ። ውሌ እስከ ዝናቡ ማብቂያ ብቻ ነው። መዝገቡ ላይ መጻፍ ተከልክያለሁ፤ ለጊዜው ቧንቧ ሠሪው ይጽፋል፤ ተነባቢ ያልሆነ ጽሑፍ! እኔ የተጻፈውን አይቼ ከታች መፈረም ብቻ።

ሬዲዮን ቦዩ ዳር አገኘሁት። «ሰማህ አይደል? አስተካከልኩልህ» አልኩ።

አካፋውን አጥቦ ግድግዳ አስደገፈ። አለፈኝ። «ጋሼ» እንኳ አላለም።

«አስተካከልኩልህ» ማለት አልነበረብኝም።

ሰኞ፣ 23

ፈተናው። ኃላፊው፣ አሠልጣኟ፣ ከዋናው ቢሮ የመጣ መሐንዲስ። እኔ በሩ ውጭ። እንድገባ አልተፈቀደልኝም፤ የመስኮቱ መስታወት ግን የተሰበረ ነው።

መሐንዲሱ «ፓምፕ ሦስትን እንዴት ያዩታል?» አለ። ሬዲዮ መዳፉን ጣል አደረገ። ዓይኑን ጨፈነ። «የኋለኛው ኩሽኔታ» አለ። «ከአራት ቀን አያልፍም።» መሐንዲሱ በመሣሪያው ለካ፤ ደግሞ ለካ። ከዚያ የክሎሪኑን ማስጠንቀቂያ በቃል ጠየቁት። ምን ቢሸተው ምን እንደሚዘጋ፣ ማንን ቀድሞ እንደሚያስወጣ፣ ነፋሱ ከየት ሲሆን ወዴት እንደሚሮጥ። በዚያን ሰዓት የተናገረው በዓመት ከሚናገረው ይበልጣል።

አለፈ። ሲወጡ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆሜ ነበር፤ ዝናብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶብኝ።

ቀጣዩ ወር። ማክሰኞ፣ 15

ሬዲዮ በየቀኑ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ነው። በመስኮቱ ስር ሳልፍ የወይዘሪት ፕሮጀክተርን ድምፅ እሰማለሁ፤ እሱ ደግሞ ይከተላታል፤ ጎርነን ባለ ድምፅ፣ ቀስ እያለ። ዛሬ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ደብተር አየሁት። ሰማያዊ ነው። ጠርዙ በዕድሜ ቢጫ ሆኗል።

በመስኮቱ ስር የማልፈው መንገዱ ስለሆነ ነው።

ረቡዕ፣ 23

የጠረጴዛውን እግር ሬዲዮ በእንጨት ቀጠለው። አሁን ምንም አያስፈልገውም።

ሌላ ወር። ሐሙስ፣ 8

ዝናቡ ካባራ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የእኔም የመጨረሻ ሳምንት። አረፈድኩ፤ ጭቃ የለም፣ ሰበብም የለም፤ እንዲሁ አረፈድኩ።

መዝገቡ ተገልጧል። የቧንቧ ሠሪው ጭረት አይደለም። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ፤ እያንዳንዳቸው በደንብ ተጭነው የተጻፉ፤ ገጹን ብትዳብሰው ከጀርባው ይሰማሃል።

«ፓምፕ አንድ ደህና። ፓምፕ ሁለት ደህና። ፓምፕ ሦስት ደህና። ሽማግሌው ሃያ ደቂቃ አርፍዶ ገባ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት መዝገብ አርፍጄ አላውቅም።

ሬዲዮ ጀርባውን ሰጥቶኝ ፓምፕ ሁለትን ግሪስ ይቀባል።

«አሥራ አምስት ደቂቃ እኮ ነው» አልኩት።

«ሰዓቱን አይቼ ነው የጻፍኩት» አለ፤ ሳይዞር።

የሚስቅ ከሆነ ብዬ ትከሻውን አየሁ። አልሳቀም።

መነጽሬን አደረግኩ። አንድ ጊዜ አነበብኩት፤ ደገምኩት። ከሥሩ ፈረምኩ።